የመልማዩ የቃል ልክ

በ2074 ዓ.ም. አንድ ሰው «ደርሻለሁ» ሲል የደረሰ መስሎት የሚጠብቅ አልነበረም። በየሰው ስልክና ጆሮ ውስጥ ያለው መሣሪያ፣ ሚዛኑ፣ የእያንዳንዱን ተናጋሪ የቃል ልክ ስለሚያውቅ፣ ቃሉን ለሰሚው የሚያደርሰው ቆርጦ ነው። መልማይ ዘርጋው ድልነሳ ከቢሮው ወንበር ሳይነሳ ለባለቤቱ ለብርቄ «ሰፈር ገብቻለሁ፣ ወጡን አሙቂ» ይላል። ብርቄ ጆሮ የሚደርሰው ግን «አርባ ደቂቃ ይቀረዋል» የሚል ነው። ብርቄም ወጡን በአርባኛው ደቂቃ ታሞቃለች። በዚህ ምክንያት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተጣልተው አያውቁም። ዘርጋው ለሰው ሲያወራ «ሃያ ዓመት» ይለዋል።

አፉን የፈታ ሁሉ ልክ ነበረው። የብርቄ ከመቶ ዘጠና አራት ነው፤ እሷ «ራሴን አሞኛል» ካለች ራሷን አሟታል። የዘርጋው ድሮ ሃምሳ ነበር። ሚዛኑ ግማሹን እንደሚቀንስበት ሲደርስበት ሁሉን ነገር እጥፍ አድርጎ መናገር ጀመረ። ሚዛኑም ይህንኑ ደረሰበትና ልኩን ወደ ሠላሳ አንድ አወረደው። መልማዮች ሻይ ሲጠጡ ይህን እንደ ጀብዱ ያወራዋል። «በዚህ አገር እንደ እኔ የሚቆረጥለት ሰው ካለ ጥሩልኝ» ይላል።

ሥራው ለቅርጫት ኳስ ሊግ ተጫዋች መመልመል ነው። ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ ልጆቹ የሚያደርጉት ካልሲ ሁሉን ነገር ይለካል፤ ዝላዩን፣ የልብ ምቱን፣ ከሽንፈት በኋላ ስንት ሰዓት እንደተኙ ሳይቀር። አሥራ ሁለቱም ክለቦች የሚያዩት ያንኑ አንድ ቁጥር ስለሆነ፣ አንዱን ተጫዋች ከሌላው የሚለየው ምስክርነት ብቻ ነበር። አንድ ቃል ከመልማዩ፣ አንድ ቃል ከተጫዋቹ ቤት። ለሰው የቀረለት ሥራ ይኸው ነው፤ ካልሲው የማይለካውን መናገር።

ከኮሌጆቹ ሁሉ በየዓመቱ የሚመረጡት አርባ ስምንት ናቸው። ዕድሉ አንድ ጊዜ ነው፤ በኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት። ያልተመረጠ መዝገቡ ይዘጋል፣ ካልሲውንም አዳራሹ በር ላይ ባለው ሳጥን አስገብቶ ይሄዳል። ዳግም የሚመዝነው የለም። በየሰፈሩ ነገር ያልተሳካለትን ሰው ሁሉ «ካልሲውን መለሰ» ማለት ከተጀመረ ቆይቷል።

ግንቦት 19 ቀን ጠዋት፣ አዳማ፣ የምርጫው አዳራሽ። በዘርጋው ቆጠራ ሦስት ሺህ ሰው ገብቷል። ወንበሮቹ ሦስት መቶ ነበሩ።

ግድግዳው ላይ በተዘረጋው ዝርዝር ሉባባ ይመር ስልሳ ሦስተኛ ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት ዘጠነኛ ነበረች። ዘርጋው ይህን ዝርዝር በዚያ ጠዋት አሥር ጊዜ አይቶታል፤ ይህኛው ቁጥር እንኳ ልክ ነው። ከዘጠኝ ወደ ስልሳ ሦስት ያወረዳት ምን እንደሆነ ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ቅሬታ የሚቀርበው እስከ ስድስት ሰዓት ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት የቤት ምስክርነቱን ለመቀበል ኮምቦልቻ ሄዶ ነበር። የሉባባ እናት ወይዘሮ ዘሐራ ከቦርከና ወንዝ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ባለች አንድ ክፍል ሱቅ ልብስ ይሰፋሉ። በስልክ አያወሩም፤ ሰው ከፈለጉ ሄደው ያንኳኳሉ። ሚዛኑ እንዲህ ያለውን «አዲስ አፍ» ይለዋል። አዲስ አፍ ቀጣፊነቱ እስኪታወቅበት ድረስ መቶ ከመቶ ይታመናል።

ዘርጋው ገና ከደጃፉ ነበር የጀመረው።

«እትዬ ዘሐራ፣ ልጅ አልወለዱም እኮ። ምሰሶ ነው የተከሉት። ሠላሳ ዓመት ተጫዋች ሳይ እንዲህ ያለ ዝላይ አላየሁም። ባለፈው ቀለበቱን ስትይዘው ጣሪያው ነው የተንቀጠቀጠው።»

የስፌት መኪናው ቆመ። ወይዘሮ ዘሐራ ጎረቤት የሰማ እንደሆነ ብለው ወደ መንገዱ አዩ።

«ማሻአላህ ይበሉ እንጂ፣ ወንድሜ» አሉ ቀስ ብለው።

አልሰማም። ስለ ዝላዩ ገና አልጨረሰም ነበር። ኮሌታው ላይ የተሰካውን መቅጃ ገና ዳገቱን ሲወጣ ነክቶ አስጀምሮታል። ምስክርነቱ ከመጀመሩ በፊት ለምስክሩ የሚነበብ የአራት ደቂቃ ማስገንዘቢያ አለ፤ የሚናገሩት ቃል እንዳለ ይመዘናል፣ ለትሕትናም ሆነ ለጨዋታ የተባለ አይለይም የሚል። ዘርጋው «ይህን ይተውት፣ ለወጉ ያህል ነው» ብሎ አለፈው። ከዚያ ሴትዮዋ እንዲዝናኑ ብሎ ስለ ራሱ ጥቂት ነገር አጫወታቸው። ከዚያ ደግሞ ወደ ልጅቷ ተመለሰ።

«ጉልበቷ ብረት ነው።»

«ኧረ ምኑ። ልምሾ ነው» አሉ ወይዘሮ ዘሐራ። «ሌሊት ሌሊት ይዛው ታለቅሳለች።»

«ትጋቷስ ቢሉ። አራት ሰው የሚሠራውን ብቻዋን ነው የምትሠራው።»

«ሰነፍ ናት አቦ። ካላባረሯት አትሮጥም።»

«ይህቺ ልጅ ባሕር ተሻግራ ነው ስሟ የሚጠራው።»

«የት ትደርሳለች ብለው ነው። እዚሁ ተቀምጣ ክር ትቁረጥልኝ።»

እሱ ወደ ሰማይ በሰቀላት ቁጥር እናቷ ወደ መሬት ይጎትቷት ነበር። የሚጎትቷት እንዳትታይ ነው። ዘርጋው ይህን ሊያጣው አይችልም። የእሱም እናት ለእንግዳ ሲያስተዋውቁት «ይሄ ደነዝ» እያሉ ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ስሙን ከጠሩት ታሟል ማለት ነው። በዚህ አገር ልጅ የወለደ ሁሉ ልጁን ከዓይን የሚሸሽገው በዚህ መንገድ እንደሆነ የማያውቅ ቢኖር ሚዛኑ ብቻ ነው። ለዚህም ነበር ማስገንዘቢያው የተጻፈው።

ወደ አዳማ በሚመልሰው ባቡር ውስጥ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው የራሱን ወሬ ቆርጦ አወጣና የእናትየውን ቃል ብቻ ላከ። ሳያዳምጠው ነው የላከው። ሲቆርጥ የሚያየው የድምፁን መስመር ነው፤ ረጃጅሙ የእሱ፣ አጫጭሩ የሴትዮዋ።

አሁን አዳራሹ ውስጥ ሉባባ ከሩቅ አየችውና መጣች። አንድ ሜትር ከዘጠና ሦስት ናት፤ ዘርጋው ለሰው ሲነግር ሁለት ከአሥር ያደርጋታል። እናቷ የሰፉላትን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ ካልሲዋን ከሥሩ አድርጋ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰላም አለችው።

«ጋሼ፣ አፊያ ኖት? እማዬ ሰላም በይልኝ ብላለች።»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ስልሳ ሦስተኛ መሆኔን አልነገርኳትም።» ወደ ዝርዝሩ ዞር አለችና «ምን አጥፍቼ ነው ግን ጋሼ? ካልሲዬን እንደሆነ አንድ ቀን አላወለቅኩም» አለች።

«አብሽሪ። እኔ እያለሁ። አሁን ገብቼ ጠረጴዛውን ገልብጬው ነው የምወጣው።»

ጭንቅላቷን ወደ ጆሮዋ ዘንበል አደረገች። ሚዛኑ ምን ብሎ እንዳደረሰላት ዘርጋው መገመት አያቅተውም፤ ይሞክራል፣ ወይም ምናልባት ይሞክራል። እሷ ግን በሙሉ ፊቷ አመሰገነችው። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ከሰው ፊት ዓይኑን የሰበረበትን ጊዜ አያስታውስም ነበር፤ አሁን የጫማዋን ማሰሪያ ሲያይ ራሱን አገኘው።

ወደ ቅሬታ ሰሚው ጠረጴዛ ሲያልፍ ኩምሳ እጅጌውን ያዘው። ኩምሳ የሥራ ባልደረባው ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ያውቀዋል።

«ዘርጌ፣ ልጅህ ምን ነካት? መዝገቡ ጉልበቷ ሞቷል ይላል።»

«ጉልበቷ ካንተ ትዳር ይበረታል። ልቀቀኝ።»

ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ፍሬሕይወት ልካቸው ዘጠና ዘጠኝ ነው። እንዳይወርድባቸው ብለው በቀን ከሃያ ቃል በላይ አያወጡም ይባላል። ከፊታቸው ያለው ወንበር ላይ እንዲቀመጥ በአገጫቸው አመለከቱት።

ዘርጋው በመንገድ ላይ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው። ጀምሮ ተወው።

«ማስገንዘቢያውን አላነበብኩላቸውም» አለ። «አንዲት ቃል አላነበብኩም። ልጃቸውን ከዓይን ሲከልሉ ነው እንጂ እየመሰከሩ አልነበረም። ያስለፈለፍኳቸው እኔ ነኝ። ልጅቷን ያጠፋኋት እኔ ነኝ።»

በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ አያውቅም። ጆሮው ሲግል ተሰማው። ጠረጴዛው ላይ ያለው የሚዛኑ ሰሌዳ ትንሽ ቆየና ጻፈ፦

«ተናጋሪው ማስገንዘቢያውን በአብዛኛው አንብቧል። ጥፋቱን አጋኗል። ምስክርነቱ ይጸናል።»

ከኋላ ያለ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ዘርጋው ጉሮሮውን ጠረገና ሌላ መንገድ ሞከረ፤ ድምፁንም ነገሩንም አሳነሰው።

«እሺ። ትንሽ ጥፋት አጥፍቻለሁ።»

«ጥፋት የለም» ብሎ ጻፈ ሰሌዳው።

ወይዘሮ ፍሬሕይወት አዩት። በዓይናቸው ውስጥ ያለው ንቀት ቢሆን ይሻለው ነበር።

«ሌላ ማስረጃ?» አሉ።

ነበረው። ሳይቆረጥ የቀረው ቅጂ መቅጃው ውስጥ አለ። የተቀዳ ድምፅ ሚዛኑ ዘንድ እንደ ማንም ሰው ቃል አይቆረጥም፤ በእርግጥ የሆነ ነገር ነው ተብሎ እንዳለ ይወሰዳል። ግን ለቅሬታ የቀረበ ድምፅ ለአዳራሹ ሁሉ ይሰማል፤ አንዴ ከተጀመረም እስኪያልቅ አይቆምም። ዘርጋው ውስጡ ያለውን ያውቃል፤ በተለይ ለእኚያ ልብስ ሰፊ ስለ ራሱ ያጫወታቸውን። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ደግሞ ኩምሳ ተቀምጧል።

ለስድስት ሰዓት አሥራ ስምንት ደቂቃ ይቀራል።

በአዳራሹ ጥግ ሉባባን አያት። ግድግዳ ተደግፋ፣ አንድ እግሯን አንስታ ካልሲዋን እያወለቀች ነበር። ሁለቱንም አውልቃ እጥፍ አደረገቻቸውና በእጇ ያዘቻቸው። ስሟ ሳይጠራ ሲቀር ተጎንብሳ ስታወልቅ ሰው እንዳያያት ነው፤ አስቀድማ ጨርሳ ለመቆም።

«አለኝ» አለ ዘርጋው።

ሚዛኑ የሚቆርጠው አላገኘም።

ድምፁ ከአራቱም የአዳራሹ ማዕዘን ተነሳ። «ልጅ አልወለዱም እኮ። ምሰሶ ነው የተከሉት…» አለ። የተወሰኑ ሰዎች ፈገግ አሉ። ቀጥሎ ማስገንዘቢያውን ያለፈበት ቃል መጣ፤ «ይህን ይተውት፣ ለወጉ ያህል ነው።» ወይዘሮ ፍሬሕይወት ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ጻፉም። የተፈለገው ይኸው ነበር፤ አሥር ሰከንድ። ድምፁ ግን አይቆምም።

«እኔ እኮ እትዬ፣ ለብሔራዊ ቡድን በምጫወትበት ጊዜ ካይሮ ላይ አርባ አንድ ነጥብ አግብቼ ዳኛው ራሱ አልቅሷል። ከሜዳ ስወጣ ሕዝቡ በትከሻው ተሸክሞ ሆቴሌ አደረሰኝ። የዚያ አገር ክለብ ስድስት ወር ለምኖኛል። እምቢ አልኩ፤ አገሬ ትብሳለች አልኩ።»

ከኩምሳ ጎን የተቀመጠች ሴት «እውነት ተጫውቷል እንዴ?» ብላ ስትጠይቅ ተሰማ።

«ፎጣ ነበር የሚያቀብለው» አለ ኩምሳ። ክፋት አልነበረውም፤ ስለተጠየቀ ነው የመለሰው። ፎጣውም ከካይሮ ጉዞ በፊት በነበረው ወር ተወስዶበታል፤ እሱን ግን ኩምሳ አላነሳውም።

ሳቁ ከሦስተኛው ረድፍ ተነስቶ እስከ በሩ ደረሰ። ዘርጋው በሳቅ መካከል ኖሯል፤ ሲያስቅ የኖረ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ግን አያውቀውም። በዚህኛው ውስጥ እሱ የለበትም።

ከዚያ የወይዘሮ ዘሐራ ድምፅ መጣ። «ኧረ ምኑ። ልምሾ ነው።» ሳቁ ቀጥ አለ። «ሰነፍ ናት አቦ።» ከክለብ መራጮቹ አንዱ፣ ሽበታም ሰው፣ አፉን በመዳፉ ከደነ። የሚያዳምጡት የየራሳቸውን እናት ነበር። ሉባባ አንገቷን ደፍታ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ዘርጋው የምታለቅስ መሰለው፤ እየሳቀች ነው። አጠገቧ ላለችው ልጅ «እንዲህ ባትል ነበር የምደነግጠው» አለቻት።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ዘርጋው ቤቱ ሲገባ ጉዳዩን ጥሩ ጨዋታ ያደርገው ነበር። ቅጂው ግን ገና ነበር። ይህኛውን ክፍል እሱም ረስቶታል።

«ጠፋ?» አሉ ወይዘሮ ዘሐራ።

«ጠፍቷል፣ ጠፍቷል» አለ የዘርጋው ድምፅ። መቅጃው አልጠፋም ነበር፤ እጁ ወሬውን ሲያጅብ ስለነበር አልነካውም።

ወንበር ተሳበ። ሴትዮዋ ቀረብ ብለዋል። «እንግዲህ ለእርስዎ ብቻ ልንገርዎት። ከጡቷ ካወረድኳት ጀምሮ ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ልጄ ስትዘል…»

«ዝላይ ካነሱ አይቀር» አለ የዘርጋው ድምፅ፣ «እኔ በዘመኔ…»

ከሁለት ደቂቃ በላይ አወራ። ስለ ራሱ ዝላይ፣ ስለ አንድ ጣሪያ፣ ስለ አንድ ጋዜጠኛ። ከሥሩ የሴትዮዋ ድምፅ ነበር። አላቋረጡም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሳይቸኩሉ፣ አንድ ጊዜ ቆም ብለው እንደገና እየቀጠሉ ይናገራሉ። መቅጃው የተሰካው የዘርጋው ኮሌታ ላይ ስለሆነ ከእሱ አፍ በቀር የሚሰማው ነገር የለም። ሰሌዳው ሁለት ጊዜ ሞክሮ «ሁለተኛው ድምፅ አልተለየም» ብሎ ጻፈ። ሦስት መቶ ሰው ወደ ፊት ዘንበል አለ። ሉባባ ከግድግዳው ተላቃ አዳራሹ መሃል መጥታ ቆማለች፤ አሁን አትስቅም።

«እሱን ሰውዬ ዝም አስብሉት» አለ አንድ ሰው።

ዘርጋውም የሚፈልገው ይህንኑ ነበር። እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የራሱ ድምፅ እንዲዘጋ በልቡ ሲለምን ነበር።

በመጨረሻ የጋዜጠኛው ወሬ አለቀና የሴትዮዋ የመጨረሻ ቃል ብቻውን ወጣ። «…ብቻ ለማንም እንዳይነግሩብኝ።»

«እንዴት ተደርጎ» አለ የዘርጋው ድምፅ። «እኔ ጋ የገባ ምስጢር ተቀበረ ማለት ነው።»

ቅጂው አለቀ። የሳቀ አልነበረም።

ምስክርነቱ ተሰረዘ፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ያ ከሥር የነበረው ቃል ተሰምቶ ቢሆን ከአዲስ አፍ የወጣ ነውና መቶ ከመቶ ይያዝ ነበር። ወይዘሮ ፍሬሕይወት እጃቸውን ዘረጉ። ዘርጋው መቅጃውን ከኮሌታው ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የመልማይነት ፈቃዱም አብሮት ቀረ። ሃያ ስምንት ዓመት የተሰካበት ቦታ ላይ ጨርቁ ሳስቶ ነበር።

ምርጫው እስከ አሥር ሰዓት ቆየ። ሉባባ ይመር አርባ ሰባተኛ ሆና ሰመራ ላለው ክለብ ተመረጠች፤ ማንም በፈቃዱ የማይሄድበት፣ ጥላው ውስጥ እንኳ የሚያቃጥል ቦታ። ስሟ ሲጠራ ካልሲዎቿን ቁጭ ብላ መልሳ አጠለቀች። ሰው አጨበጨበ።

ዘርጋው በጎን በር ሊወጣ ሲል ደረሰችበት።

«ጋሼ፣ እማዬ ምን ነበር ያለችው?»

የበሩን እጀታ ለቀቀ።

«‹ስትዘል› ካለች በኋላ። ለእኔ አንድ ቀን ስለ ዝላዬ ተናግራ አታውቅም።»

እንዲህ ያለ ነገር መፈብረክ ለዘርጋው ምኑም አይደለም። ልጅ ስትዘል እናት የምትለውን፣ ሰመራ ድረስ ይዛው የምትሄደውን፣ ስታረጅ ለልጆቿ የምትነግረውን ቃል በአንድ ትንፋሽ ሊሰጣት ይችላል። ሠላሳ አንዱ ብቻ ቢደርሳት እንኳ ያምር ነበር። አፉን ከፈተ። ምላሱ ላይ ሦስት አራት ዓይነት መጥቶለታል።

«አልሰማሁም» አለ። «እያወራሁ ነበር።»

ጭንቅላቷን ወደ ጆሮዋ ዘንበል አደረገች። ሚዛኑ ቆርጦ ያደረሰላት ምን እንደሆነ ከፊቷ አነበበው፤ ጥቂት ሰምቷል።

«ጥቂቱን ይንገሩኝ እንጂ።»

«ጥቂትም አልሰማሁም፣ ልጄ። ምንም።»

ከዚያ ፊቷ ለስለስ አለ።

«ገባኝ» አለች። «እንዳይነግሩ ቃል ስለገቡላት ነው አይደል?»

«አይደለም።»

ፈገግ አለች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ከወትሮው ይበልጥ ዝቅ ብላ ሰላም አለችውና ሄደች።

ቤቱ ሲደርስ ፀሐይዋ ከጎረቤት ጣሪያ ላይ አልወረደችም ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ለብርቄ ደወለላት። «በር ላይ ነኝ» አላት። ከአጥሩ ወዲያ፣ ከማድ ቤቱ መስኮት፣ የሚዛኑ ድምፅ ተሰማው፦ «አርባ ደቂቃ ይቀረዋል።»

«እሺ» አለች ብርቄ ለራሷ፣ ወደ ሥራዋም ተመለሰች።

አላንኳኳም። አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ያቺን የኮምቦልቻ ሱቅ በሐሳቡ ለማምጣት ሞከረ፣ መጣችለትም። የስፌት መኪናው ጥቁር ነበር። ክሩ አረንጓዴ ነበር፤ ለካ ያንን ቀሚስ ነበር የሚሰፉት። የወይዘሮ ዘሐራ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየው፤ ያኔም አይቶት ነበር፣ የራሱን ወሬ እያወራ እያየው ነበር። አንድ ቦታ ላይ ቆም ብለው ዓይናቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ነክተዋል። እሱንም አይቷል። ድምፁን ሊያመጣ ሞከረ። የመጣለት የራሱ ነው።

እንደገና ከደጃፉ ጀመረ። እንደገና የራሱ መጣ።

ጎረቤቶች እያለፉ «ዘርጌ፣ ምን ያስቆምሃል?» አሉት፤ ራሱን ነቅንቆ አሳለፋቸው። ጥላው መንገዱን ተሻግሮ ከማዶ አጥር ላይ ወጣ። በአርባኛው ደቂቃ ከግቢው ውስጥ የድስት ክዳን ሲነሳ ሰማ። ያኔ አንኳኳ።